ፈረሳችሁን በእጃችሁ ዳስሱት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በአዘዞና በጎንደር ዙሪያ ጋሪ ለምትነዱ፣ ለጥምቀትም ፈረስ ለምትጭኑ ወጣቶች ነው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእንስሳት ሕክምና ነው። በእጄ ካለፉት ፈረሶች ብዙዎቹ ጠዋት ጠዋት የሚዳስሳቸው ቢያገኙ ኖሮ ሐኪም ዘንድ ባልደረሱ ነበር።

ፈረስ አመመኝ አይልም። እንዲያውም ሕመሙን ይደብቃል። ስለዚህ ማጽዳትን ለማሳመር ብቻ አትቁጠሩት። ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት እጃችሁን አስቀድሙ። ከኋላው አትምጡበት፤ እያናገራችሁ በግራ ትከሻው በኩል ቅረቡ። ከአንገቱ ጀምራችሁ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ሆዱን፣ እግሩን እስከ ሰኮናው ዳስሱት። የሞቀ ቦታ አለ? ያበጠ አለ? ስትነኩት ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥበት፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚጥልበት ቦታ የት ነው? ይህን በየቀኑ ካደረጋችሁ የራሳችሁን ፈረስ ከማንም ሐኪም በላይ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወደ ብሩሹ። የጎማ ብሩሽ ካላችሁ ሥጋማ የሆነውን ክፍል እያዞራችሁ እሹት፤ አቧራውና የሞተው ጠጉር ይነሳል። ቀጥሎ ጠንከር ባለ ብሩሽ በጠጉሩ አቅጣጫ ጥረጉት። ፊቱንና ከጉልበቱ በታች ግን በጎማው አትንኩ፤ አጥንቱ ቅርብ ስለሆነ ያመዋል። ብሩሽ የሌለው ሸካራ ጆንያ አጥፎ ቢጠቀም ችግር የለውም። ለዓይኑና ለአፍንጫው ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፣ ከጭራው ሥር ላለው ደግሞ ሌላ ጨርቅ ያዙ። ጆሮው ውስጥ፣ ጋማው ሥር፣ ጭኖቹ መሃል መዥገር ይደበቃል። ስትነቅሉት ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ነዳጅ አትቀቡበት።

ገጣባ የሚጀምረው ከቆሻሻ ነው። የደረቀ ላብ ጨው ይሆናል፣ አቧራ ይጨመርበታል፣ ከላዩ ኮርቻ ወይም የጋሪ ማሰሪያ ይፈገፍጋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲታሽ የዋለ ቆዳ ማታ ላይ ይላጣል። ጀርባው ላይ ነጭ ጠጉር ብቅ ብቅ ያለበትን ፈረስ ካያችሁ፣ ከዚያ ቀደም እዚያው ቦታ ቆስሎ እንደነበር ዕወቁ። የናይለን ገመድ በቀጥታ አካሉ ላይ አይረፍ፤ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጨርቁንም እያጠባችሁ በፀሐይ አድርቁ። ከቆሰለ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡት። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ጨምራችሁ እጠቡት። እስኪድን ድረስም ያ ቦታ ጭነት አይንካው። የቀን ገቢ እንደሚቀር አውቃለሁ። ግን በቆሰለ ጀርባ ማሠራት ጭካኔ ነው፤ ቁስሉም እየባሰ ብዙ ቀን ያስቀራል።

አሁን አጥብቄ ወደምናገረው ልምጣ፦ ብሩሽ አትዋዋሱ። ማሰሪያም አትዋዋሱ። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚበረታ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባል የፈንገስ በሽታ አለ። በትንሽ ቁስል ይገባል፤ ዝንብም፣ የጋራ ብሩሽም፣ የጋራ ማሰሪያም ያስተላልፉታል። እባጩ እግሩ ላይ ወይም ደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ይወጣል፣ ከዚያ ይፈነዳና መግል ይወርደዋል። በአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሞቃትና እርጥበት ያለባቸው አካባቢዎች በብዛት ይታያል። ጎንደር በዚሁ ከፍታ ውስጥ ናት። ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው፤ ብዙ ባለጋሪ ተስፋ ቆርጦ ፈረሱን ሜዳ ላይ ይለቀዋል። የወንድማችሁ ፈረስ ቢሆንም ብሩሹ ለየብቻ ይሁን። እባጩን በጋለ ብረት ከማስተኮሳችሁ በፊትም ለሐኪም አሳዩት።

ሰኮናን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ ወጣት የሚያነክስ ዳማ ፈረስ እየጎተተ መጣ። ሰው ሁሉ ትከሻው ነው ብሎት መርፌ አስወግቶታል። እግሩን አንስተን ጭቃውን ስንጠርግ ትንሽ ጠጠር ተሰንቅራ ተገኘች። ሌላ ምንም አልነበረም። ሰኮናውን ጠዋትና ማታ ጫፉ በደነዘዘ ብረት ከተረከዙ ወደ ፊት ጥረጉ። መሃል ላይ ያለችውን ለስላሳ ሦስት ማዕዘን ግን አትቆፍሯት፤ ግራና ቀኝ ያለውን ስንጥቅ ብቻ አጽዱ። ጥቁር ነገር ካለና ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል። በክረምት ጭቃና ሽንት ላይ የሚያድር ፈረስ ይህ አይቀርለትም፤ ማደሪያውን አድርቁለት። ዝገት የነካው ምስማር ከወጋው ደግሞ አትቆዩ። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ከሰው ይልቅ ለፈረስ የቀረበ ነው።

በየቀኑ በሳሙና ማጠብ አያስፈልግም፤ ቆዳውን የሚጠብቀውን ቅባት ያወጣዋል። በዝናብ ሲበሰብስ የሚከርም ፈረስ ጀርባው ላይ ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱን በደረቁ አትላጡት፤ ያመዋል።

እኛ ጎንደሬዎች ለፈረስ ያለን ክብር የቆየ ነው። ቴዎድሮስ የተጠሩት አባ ታጠቅ ተብለው፣ በፈረሳቸው ስም ነው። በፋሲል መዋኛ አጠገብም የዞብል፣ የንጉሥ ፈረስ መቃብር እየተባለ የሚጠራ ሕንፃ ቆሟል። ያንን ክብር ጥር 11 ቀን በግላስና በጥልፍ ብቻ እንዳንወጣው ብዬ እሰጋለሁ። ከጌጡ ሥር ያለውን ጀርባ እዩ።

በዚያ ቀን ጋልባችሁ ስትመለሱ ወዲያው አስራችሁ አታቁሙት። ሆዱን የሚያስረውን ጠፍር አላሉለት፣ ትንፋሹ እስኪረጋ በቀስታ አራምዱት፣ ውሃውን ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ስጡት፣ ላቡን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። የጎኑን እንቅስቃሴ እያያችሁ ቁጠሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም እያለከለከ ከሆነ፣ ወይም ውሃ እንቢ ካለና ጎኑን እየዞረ ካየ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ሐኪም ጥሩ።