ጎማ የሌለው ራቁት መኪና ተሳቢ ላይ አጫጫን፦ ጥያቄና መልስ

ሞተሩ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ጎማው የወለቀ መኪና ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አዲስ አበባ ለማጓጓዝ ያሰባችሁ ጥያቄያችሁን አቅርቡ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እጅም እግርም አይገባም።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ላንድ ክሩዘር ነው። የኋላ ዲፈረንሻሉም የፊት ሞዞውም (ጎማው የሚታሰርበት) አለ፤ ጎማ ግን አንድም የለውም።

መልስ፦ ሞዞው ካለ ግማሹ ሥራ አልቋል። አራት አሮጌ ጎማ ከነቸርኬው (ጎማው ከሚገባበት ብረት ጋር) ለአንድ ቀን ተዋስ። ባለ ስድስት ብሎን ከሆነ የሃይሉክስ ቸርኬ ሊገጥም ይችላል፤ መጀመሪያ ለካው። የኋላ ፍሬኑ ዝጎ ከያዘ ከበሮውን ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ አድርገው። ካምቢዮው ስለወጣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን፣ አሁን የተንጠለጠለውን ትራስሚሽን ዘንግ ፍታው ወይም ጥብቅ አድርገህ እሰረው፤ መሬት ከነካ ተሳቢው ጠርዝ ላይ ይሰነቀራል።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኛ አክስልም ሞዞም የለውም፣ ባዶ ቦዲ ነው። ክሬን አላገኘንም።

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መኪናውን ወደ ተሳቢው አትጎትቱት፤ ተሳቢውን ከመኪናው ስር አስገቡት።

ለ400 ኪሎ ቦዲ ሁለት አር ኤች ኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ይበቃል፤ 80 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር። 80ው ወደ ላይ ቆሞ ይቀመጥ፤ ካጋደማችሁት ይበልጥ ይጎብጣል። አንዱን ከፊት በር ስር፣ ሌላውን ከኋላ ጎማ ቤት ፊት ለፊት አግድም አስገቡ፤ ላሜራው ላይ ሳይሆን ከበሩ ስር ባለው ወፍራም ብረት ላይ ይረፍ። ተሳቢው 2 ሜትር ስፋት ካለው ብረቱ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ድጋፉን የምትሠሩት እዚያ ነው።

ድጋፉ በሞራሌ (በባለ አራት ማዕዘን እንጨት) ነው፤ ሁለቱን አስተኝታችሁ፣ በላያቸው ሁለት በአግድም እያደረጋችሁ እየተነባበረ። የመሠረቱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አንዱን ጫፍ በክሪክ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አንሱ፣ አንድ ረድፍ ጨምሩ፣ ወደሚቀጥለው ጫፍ እለፉ። አንዱን ጎን ጨርሶ ሌላውን ልጀምር ያለ ሰው መኪናውን ይገለብጠዋል። መሬቱ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ከሆነ ከክሪኩም ከድጋፉም ስር 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አንጥፉ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ክሪክ መረሬ ውስጥ እያያችሁት ይሰምጣል።

ብረቶቹ ከተሳቢው ወለል በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲሉ ተሳቢውን በሰው ኃይል ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። የተሳቢው የጎማ መሸፈኛ ከወለሉ ከፍ ያለ ከሆነ ከፍታውን ከመሸፈኛው ጀምራችሁ አስሉ። ጎማውን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፤ ከተሳቢው ጅራት ስርም ድጋፍ አድርጉ፤ አለዚያ ክብደቱ ከኋላ ሲያርፍበት አፍንጫው ይነሳል። ከዚያ በወጣበት ቅደም ተከተል አውርዱት።

ከደብረ ሲና፦ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? የባህር ዛፍ አጣና ከስሩ አድርጎ ማንከባለል ነው።

ከመሀል ሜዳ፦ አጣና ጠማማ ነው፣ በየት በኩል እንደሚሄድ አይታወቅም። አሥር ጎረምሳ ካለ ተሸክሞ ይጭነዋል።

ከደብረ ሲና፦ አሥር ሰው አንድ ላይ መቼ ያነሳል? የአንዱ እጅ ቢያመልጥ የዘጠኙ ወገብ ነው።

መልስ፦ የደብረ ሲናው ስለ ሸክሙ ልክ ነህ፣ ስለ አጣናው ግን አይደለህም። አጣና ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ግን የሚይዘው የለም። መጎተት ግድ ከሆነ ዊንች (ካቦ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ) ይኑራችሁ። ለ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 2.40 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል። 300 ኪሎ ቦዲ በደረቅ ጣውላ ላይ ወደ 220 ኪሎ የሚጠጋ የመጎተት ኃይል ይፈልጋል፤ ጣውላው ግራሶ ከተቀባ ወደ 130 ይወርዳል። ካቦው (የብረት ገመዱ) ሲወጠር ማንም በመስመሩ ላይ አይቁም።

ከአታዬ፦ ብሎኬት ብደረድርስ?

መልስ፦ አይሆንም። ውስጡ ክፍት ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ከደብረ ብርሃን፦ መኪናዬ ከባድ ነው፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የምን መኪና? ምኑ ወልቋል? ተሳቢህስ ስንት ይችላል? እነዚህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ ወንድሜ?

አንዲት እህት፦ ጋሼ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የጣርማ በርን ቁልቁለት ስንወርድ ወደ ፊት እንዳይሸሽ በምን እንሰረው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማሰሩ በፊት ሚዛኑን አስተካክሉ። ሞተር የወጣለት መኪና ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ብዙ ሰው ግን ሙሉ መኪና እንደሚጭን አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ ይጭነዋል። ያኔ ከባዱ ክፍል ከተሳቢው አክስል ኋላ ይቀራል፣ ጋንቾው (ተሳቢው ከጎታቹ መኪና የሚያያዝበት መንጠቆ) ይቀልላል፣ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ የመኪናውን ኋላ ወደ ጎታቹ አዙሩት። ተሳቢውና ጭነቱ 1,000 ኪሎ ከሆኑ ጋንቾው ላይ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ይረፍ። የመጎተቻውን ጫፍ የእህል ሚዛን ላይ አሳርፋችሁ እዩት።

ቀጥሎ ማሰሪያው። ጎማ ስለሌለው ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ በመካከሉ ጣውላና የአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ አድርጉ። አራት ሰንሰለት፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ። ቁልቁለት ላይ የሚይዙት ወደ ኋላ የሚጎትቱት ናቸውና እነሱን አትናቁ። ናይለን ገመድ ይለጠጣል። ቀበቶ ከሆነ የተቆረጠ ላሜራ በሚነካው ቦታ ላይ ጎማ አልብሱት፤ ላሜራ እንደ ምላጭ ነው። ኮፈኑንና በሮቹን አውልቁ ወይም እሰሩ፤ የዚያ ደጋ ንፋስ ይገነጥላቸዋል። 10 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ አንዴ፣ የጣርማ በር ዋሻ ከመድረሱ በፊት አንዴ ቆማችሁ አጥብቁ። ቁልቁለቱን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ።

ከአታዬ፦ ሊብሬ ከሌለውስ?

መልስ፦ እሱን ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ብረቱን ከስሩ ስናስገባ በክሪክ ቆሞ ለአፍታ ብንገባስ?

መልስ፦ ለአፍታም አይሆንም፤ መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ። ብረቱን ከጎን ሆናችሁ በረጅም እንጨት ግፉት።