የሰው ስም ስንበደር፦ በሊንክድኢንና በቴሌግራም ስለሚመሠረት ሙያዊ ትውውቅ

አገር ቤት ሳለ በገንዘብ ያዥነት ወይም በንብረት ክፍል የተቀጠረ ሰው «ዋስ አምጣ» መባል ምን እንደሚመስል አይረሳውም። የደመወዙን ማስረጃ ከመሥሪያ ቤቱ አጽፎ፣ ውሉ ላይ ፈርሞ፣ «ይህ ሰው ቢያጎድል እኔ እተካለሁ» የሚል ዘመድ ወይም ወዳጅ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ዋስ የሚሆነውም ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር ሳይመክር እሺ አይልም። እኔ በዋሽንግተን አካባቢ በሒሳብ ሥራ ስተዳደር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በማኅበራዊ ሚዲያ አማካይነት ሥራ ወይም የንግድ ሸሪክ ለማግኘት የሚጥሩ ወገኖቼን፣ ሲሳካላቸውም ሳይሳካላቸው ሲቀርም፣ ተመልክቻለሁ፤ አብዛኛው ችግር የሚመነጨው «ሪፈር አድርገኝ» (ለመሥሪያ ቤትህ ጠቁመኝ) ብሎ መጻፍ «ዋስ ሁነኝ» ማለት መሆኑን ከመዘንጋት ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩን ለማያውቅ አዲስ መጪ ላስረዳ። በአሜሪካ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ክፍት ቦታ ሲኖራቸው ሠራተኞቻቸው የሚያውቁትን ሰው እንዲጠቁሙ ያበረታታሉ፤ የተጠቆመው ሰው ተቀጥሮ የተወሰነ ወራት ከቆየ ለጠቋሚው ጉርሻ የሚሰጡም አሉ። የተጠቆመ ማመልከቻ ከክምሩ ውስጥ ተነሥቶ በሰው ዐይን የመታየት ዕድሉ ይሰፋል፤ በአንጻሩ የጠቋሚው ስም አብሮት ተመዝግቦ ይቀራል። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንድ ወጣት በፌስቡክ ኢንቦክስ «ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ አስገባኝ» ብሎ ጻፈልኝ። የጋራ ወዳጅ እንዳለን ብቻ አይቼ፣ ይሉኝታም ይዞኝ፣ ሲቪውን እንኳ በቅጡ ሳላነብ ስሙን አስተላለፍኩ። ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ሳይመጣ ቀረ፤ የሚቀር መሆኑንም አላሳወቀም። አለቃዬ ምንም አልተናገረችኝም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የጠቆምኳቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ከእኔ የተሻለች የሒሳብ ባለሙያ ሆና ሳለ፣ ለቃለ መጠይቅ እንኳ ሳይጠሩ ቀሩ። ልጁን ብቻ ልወቅሰው አልችልም፤ ሳላውቀው የፈረምኩለት እኔ ነኝ።

ስሙን ሊያበድራችሁ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የእናንተን ስም ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልዩ ችግር አለበት። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መልክ ይጻፋል፤ በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በዲፕሎማው ላይ ሌላ ዓይነት፣ በፌስቡክ ደግሞ የቅጽል ስም የያዘ ሰው ለፈላጊው ሦስት የተለያየ ሰው ነው። ስለዚህ ከፓስፖርታችሁ ጋር የሚስማማውን አጻጻፍ ይዛችሁ በየቦታው እርሱን ብቻ ተጠቀሙ። ፈረንጆቹ የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩት በአባታችሁ ስም ቢጠሯችሁ አይግረማችሁ፤ የሙያ ትውውቅ ድረ ገጽ የሆነው ሊንክድኢን በስልክ መተግበሪያው ላይ የስማችሁን አጠራር በራሳችሁ ድምፅ እስከ 10 ሰከንድ ቀድታችሁ እንድታስቀምጡ ስለሚፈቅድ፣ የትኛው መጠሪያችሁ እንደሆነ በዚያው መናገር ይቻላል። ከስማችሁ ሥር ባለው መስመር «ሥራ ፈላጊ» ብቻ ብሎ መተውን አልመክርም። አገር ቤት የሠራችሁበት ድርጅት ስም ለማያውቀው ሰው ምንም አይነግረውምና፣ ምን ያህል ሠራተኛ እንደነበረው፣ በእጃችሁ የሚያልፈው ሥራ ምን እንደነበረ በግልጽ ቋንቋ ጻፉት።

ብዙ ነገር የሚበላሸው በመጀመሪያው መልእክት ነው። እኛ ሰላምታ አናሳጥርም፤ ጤናን፣ ቤተሰብን፣ ልጆችን ጠይቀን እንጨርስና ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው። በአካል ስንገናኝ ይህ የሚያኮራ ባህል ነው። በኢንቦክስ ግን «ሰላም ነው?» ብሎ ጽፎ መልስ መጠበቅ፣ መልስ ሲመጣም «እንዴት ነህ፣ ሁሉ ሰላም?» ብሎ መቀጠል፣ ተቀባዩን «ምን ሊጠይቀኝ ይሆን?» እያለ እንዲጨነቅ ያደርገዋል፤ ከሦስተኛው ሰላምታ በኋላ መልስ የማይሰጠውም ስለዚህ ነው። ሰላምታውንና ጉዳዩን በአንድ መልእክት ማድረግ ይሻላል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ መልእክት ቢደርሰኝ በዚያው ቀን እመልስ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ስለ ሆስፒታል ግዥ አሠራር የጻፉትን አንብቤያለሁ። እኔ በአዲስ አበባ በመድኃኒት ግዥ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቼ በመስከረም ወር ሜሪላንድ ገብቻለሁ። ወደ ሙያዬ ለመመለስ በቅድሚያ የትኛውን የምስክር ወረቀት ብይዝ እንደሚሻል በአንድ ወይም በሁለት መስመር ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ፤ ካልተመቸዎትም እረዳለሁ።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ሥራ አልተለመነም፤ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ሊመለስ የሚችል አንድ ትንሽ ጥያቄ ነው የቀረበው። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የመጣበት ጉዳይና የሚጠብቀው ነገር ሁሉ ታውቋል። ተቀባዩ በዕድሜ ያነሰ ቢመስላችሁም «እርስዎ» ብላችሁ ጀምሩ፤ «አንቱታው ይቅር» የሚለው እርሱ ይሁን። «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ማለትን አልጠላም፤ ነገር ግን በማያውቁት ሰው ላይ የሥራ ጥያቄ ሲቀርብበት ይሉኝታ ማስያዣ ሊመስል ይችላል። አንድ ጽሑፍ ለአርባ ሰው ገልብጦ የመላክ ልማድም አለ፤ እኔ ራሴ እንደመጣሁ ሰሞን ይህንኑ አድርጌ፣ ለአንዷ ባለሙያ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ደብዳቤ ደርሷት «ይህ ለእኔ አይመስለኝም» ብላ መልሳልኛለች።

እንግዲህ ለማን ነው የሚጻፈው? እንደ ብዙዎቻችን ሁሉ እናንተም የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ፣ የሰፈር፣ የቀድሞ ትምህርት ቤት የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ትኖሩ ይሆናል፤ የታመመ ሲጠየቅና ያዘነ ሲጽናና እንዲህ ያለ ቡድን የሚተካ ነገር የለም። ለሥራ ፍለጋ ግን ድክመት አለው፤ የቡድኑ አባላት የሚያውቁት ማስታወቂያ፣ የሚሠሩበት መጋዘንና የመኪና ማቆሚያ፣ የሚሰሙት ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት ባለሙያዎች መካከል አዘውትረው በሚያገኙት ወዳጅ በኩል ያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም በስንት ጊዜ አንዴ በሚያገኙት ሰው በኩል ማግኘታቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በ20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ተመሳሳይ ውጤት አግኝቶ አንድ ማረሚያ ጨመረበት፤ ይበልጥ የጠቀመው ጥቂት የጋራ ወዳጅ ያለበት መካከለኛ ትውውቅ እንጂ ፈጽሞ የማያውቁት ሰው አልነበረም። ለእኛ ሲተረጎም፣ የአክስታችሁ ልጅ የሥራ ባልደረባ፣ ኮርስ አብሯችሁ የወሰደ ናይጄሪያዊ፣ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህራችሁ ማለት ነው። በሐምሌ መባቻ አካባቢ በየዓመቱ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ የተዋወቃችሁትን ሰው ስልኩን ብቻ ተቀብላችሁ ከምትለያዩ፣ በዚያው ሳምንት «ዳር ቆመን ስለ ጭነት ሥራ ያወራነው እኔ ነኝ» ብላችሁ በሊንክድኢን ብትጋብዙት ትውውቁ አይጠፋም።

ወደ ቡድኖቹ ሥነ ሥርዓት ስመለስ፣ የዋትስአፕ ቡድን እስከ 1,024 ሰው፣ የቴሌግራም ደግሞ እስከ 200,000 ሰው እንደሚይዝ ላስታውስ። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ያለው ከመቶ የማይበልጡ አባወራዎችን ይዞ እንኳ ነው፤ ሺህ ሰው ያለበት ቡድን ያለ ደንብ ሲተዳደር ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። አድሚን የሆናችሁ የሥራ ማስታወቂያ፣ የሽያጭና የመዋጮ ጥሪ እንዴት እንደሚለጠፍ ጽፋችሁ ከላይ ስቀሉት። አባል የሆናችሁ ደግሞ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሊያዳምጠው የማይችለውን የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በጽሑፍ አሳጥሩት። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ቀጠሮ ስትይዙ የማን ሰዓት እንደሆነ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ ለይታችሁ ጻፉ፤ «ሦስት ሰዓት» በሚል ቃል ብቻ ስንት ስብሰባ ሳይካሄድ ቀርቷል። ምንጩ ያልታወቀ የካናዳ የሥራ ቪዛ ማስታወቂያ ፎርዋርድ ማድረግም ዋስነት ነው፤ ገንዘቡን የተበላው ሰው ማስታወቂያውን ያየው በእናንተ ስም ነውና።

በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ጉዳዩ ከጨዋነት ያልፋል። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. የ2021 ሕግ ቁጥር 34 ሰውን በኢንተርኔት መስደብን ወንጀል አድርጎ፣ ከእስራት ሌላ ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም የሚደርስ ቅጣት ደንግጓል፤ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብም የተከለከለ ነው። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ እንዲከብድ አድርጓል። አገር ቤት ንግድ ለመክፈት የምታስቡ ሁሉ፣ ነገ ሸሪክ የምታደርጉት ሰው የትናንት ኮሜንታችሁን ወደ ኋላ ሄዶ እንደሚያነብ አትጠራጠሩ። ፖለቲካ አትናገሩ አልልም፤ ሰውን በዘሩ እየዘለፈ የሚጽፍን ግን እኔ ለአለቃዬ አልጠቁምም።

ዋስ መሆን ሲከብዳችሁ ደግሞ ዝም ከማለት በግልጽ መመለስ ይሻላል። «ሥራህን በቅርብ ስለማላውቅ ልጠቁምህ አልችልም፤ ሲቪህን አይቼ አስተያየት ልስጥህ» ብዬ የጻፍኩላቸው ሰዎች አብዛኞቹ አልተቀየሙኝም፤ ሁለቱ ከዓመት በኋላ ተሻሽለው ተመልሰው መጥተዋል፤ እነርሱን ያለ ስጋት ጠቁሜያቸዋለሁ።

የተጠቆማችሁ ከሆነ ቃለ መጠይቁ ያለፈ ዕለት ማታ፣ ከዚያም ውጤቱ ሲታወቅ፣ ባይሳካም እንኳ፣ ለጠቋሚው ሁለት መስመር ጻፉለት፤ ከአለቃው አፍ ከሚሰማው ከእናንተ ቢሰማው ይወዳል። እኔን ለመጀመሪያ የቢሮ ሥራዬ የጠቆመችኝ ፊሊፒናዊት ዛሬ ጡረታ ወጥታ ፍሎሪዳ ትኖራለች። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አጭር መልእክት እልክላታለሁ፤ በዓሉ ምን እንደሆነ አሁንም በቅጡ አልገባትም፣ ነገር ግን አንድ ዓመት ሦስት ቀን ብዘገይ «ዘንድሮ አዲስ ዓመት የለም እንዴ?» ብላ እርሷው ጻፈችልኝ።