ከአዳማ ቪትዝ ልገዛ ነው ላልከው ወንድሜ፦ ከሁሉ በፊት የኢንሹራንስ ወረቀቷን እይ

«2003 ሞዴል ቪትዝ ልገዛ ነው፣ ከአዳማ ሞጆ ሥራ እመላለስባታለሁ፣ ከነዳጅ ውጪ በወር 2,500 ብር ብመድብ ይበቃኛል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ አይበቃህም። እኔም አዳማ ነው የምኖረው፣ ሥራዬም ሞጆ ነው፣ የኔም መኪና ቪትዝ ናት። 2012 ላይ በ480,000 ብር ገዛኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወጣላትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ የጎሚስታ ሂሳብ እንኳ አይቀርም። ስለዚህ የምነግርህ በግምት አይደለም።

1. ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር። በ2017 ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ከነፊልትሮው አንዱ 5,200 ብር። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ አትጨምር፣ ኩላንት ግዛ። መካኒኩ «ለአዳማ ሙቀት ቴርሞስታቱ ይውጣ» ካለህ እምቢ በል። ሞተሩ የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። እኔን አንዱ አውጥቶብኝ ስድስት ወር ሙሉ ቤንዚኑ ለምን በዛ እያልኩ ስጨነቅ ነበር።

2. ጎማ። ፍጥነት መንገዱ ላይ ደካማ ጎማ ይዘህ አትውጣ። አስፋልቱ ይግላል፣ አንተም በአንድ ፍጥነት ረጅም ትነዳለህ፣ ጎማው ያኔ ነው የሚፈነዳው። ስትገዛ ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተመረተበት ዓመት ናቸው። ለኔ «አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩም አልወጣለት» ተብሎ የቀረበልኝ ጎማ 1619 ይላል። በፈረንጅ 2019 የተሠራ ጎማ! እዚያው ትቼው ሌላ ሱቅ ሄድኩ፣ አራቱን በ38,000 ገዛሁ።

3. ኢንሹራንስ። እባክህ ይህንን ቀስ ብለህ አንብብ።

በሌላ ሰው ላይ ላደረስከው ጉዳት የሚከፍለው፣ ሦስተኛ ወገን የሚባለው፣ ግዴታ ነው፣ ያለሱ ቦሎም የለም። እኔ የምለው የራስህን መኪና ጉዳትም ስለሚሸፍነው ስለ ሙሉው ኢንሹራንስ ነው። ስገዛት በ480,000 ብር ዋስትና ገባሁላት። ከዚያ በየዓመቱ የካቲት ላይ እሄዳለሁ፣ ልጅቷ «ባለበት ይታደስ?» ትለኛለች፣ አዎ እላለሁ፣ እከፍላለሁ፣ እወጣለሁ። የመኪና ዋጋ ግን ባለበት አልቆመም። 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። መኪናውም መለዋወጫውም ሰማይ ወጣ። ሰዉ «አተረፍሽ» ይለኝ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ወረቀቴ ላይ ያለው 480,000 ግን አንዴም ትዝ አላለኝም።

ጥቅምት 2017 እናቴን አሰላ አድርሼ ስመለስ፣ ዴራን እንዳለፍኩ ከግራ በኩል ጥጃ ዘሎ ገባ። እሱን ላድን መሪውን ሳዞር የመንገድ ዳር የድንጋይ ግንብ መታሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ኮፈኑ ተጣጠፈ፣ የቀኝ ፓራፋንጎ ገባ፣ ሁለቱም የፊት መብራቶች ረገፉ፣ ራዲያተሩ ተበስቶ አረንጓዴው ኩላንት አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። እጄ እየተንቀጠቀጠ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ።

የትራፊክ ሪፖርቱን አመጣሁ፣ ከጋራዦች ፕሮፎርማ (የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ) ተሰበሰበ፣ ዝቅተኛው 210,000 ብር ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ሰጡኝ፦ የሚከፈልዎት 63,200 ብር። የተሳሳቱ መስሎኝ ወደ ካሳ ክፍሉ ገባሁ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ በአንቺታ፣ «ባለቤትሽ ይምጣና ለሱ እናስረዳዋለን» አለኝ። ሊብሬው በኔ ስም ነው። ፖሊሲው በኔ ስም ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አረቦኑን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «የፈረምኩትን ውል ስጡኝ፣ እዚሁ አነበዋለሁ» አልኩት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሳ ተቀምጬ አነበብኩት።

በትንሽ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት። እነሱ አቬሬጅ ይሉታል። መኪናህ ከምታወጣው ዋጋ በታች ዋስትና ከገባህ፣ የጎደለውን ያህል አንተ ራስህ ዋስ እንደሆንክ ይቆጠራል። ገማቹ መኪናዬን 1,500,000 ብር ገምቷታል። 480,000 የዚያ 32 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ210,000 ጥገና 67,200 ብቻ፣ ከዚያም «የራስሽ ድርሻ» ተብሎ፣ ማለት ባለመኪናው ከራሱ የሚሸፍነው፣ 4,000 ተቀነሰ። ሙሉ ኢንሹራንስ ያልኩት ሢሶ እንኳ አልሞላም።

ሁሉም «ውሉ ነው፣ ተይው» አሉኝ። እኔ ግን ውሉን ትቼ ግምቱን ያዝኩ። የኔዋ ማንዋል ናት፣ 2003 ናት፣ ቀለሟም ተነክቷል። በዚያው ሰሞን የተሸጡ ሦስት ተመሳሳይ ቪትዞችን የሽያጭ ውል ኮፒ ባለቤቶቹን ለምኜ ሰበሰብኩ፣ ማመልከቻ ጽፌ አያያዝኩ፣ ገቢ ብለው ማኅተም እስኪመቱልኝ ከመስኮቱ አልተነሣሁም። ግምቱ ወደ 1,200,000 ወረደ። የሚከፈለኝ ከ32 ወደ 40 በመቶ ወጣ፣ ያቺ 4,000 ተቀንሳ 80,000 ከፈሉኝ። 16,800 ብር በራሴ እግር አመጣሁ ማለት ነው። ቀሪው 130,000 ግን ከኪሴ ወጣ፣ የእቁቤም ብር እዚያው ገባ።

አሁንም የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ አስረክቢ ተባልኩ። የተሰነጠቀውን ፓራውልት (የፊት መከላከያውን) ባጃጅ ላይ ጭኜ መጋዘናቸው ወሰድኩ። ከወጪው ከግማሽ በላይ የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ አሮጌው ዕቃ ሁሉ የነሱ የሆነበት ምክንያት እስከዛሬ አልገባኝም። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

4. ብዬ ስለ ፍሬን ሸራ ልጽፍልህ ነበር፤ የፊቱን ብቻ 4,400 አስከፍሎኛል፣ በዚህ እንለፈው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ የ2017 ደብተሬ ዘይት 15,600፣ ጎማ 38,000፣ ሸራ 4,400፣ በትክክለኛው ዋጋ የታደሰው ኢንሹራንስ 34,000 ይላል። ድምሩ 92,000 ነው። ለ12 ወር ስታካፍለው ከ7,600 ያልፋል፣ ቦሎውን፣ ላቫጆውንና ያንን አደጋ ሳልቆጥር። ጎማው በየዓመቱ አይገዛም፣ እሱን ብታወጣ እንኳ በወር 4,500 ነው።

ሻጩ «ኢንሹራንስ አላት» ብሎ ወረቀቱን ቢሰጥህ ደስ አይበልህ። ያ በሱ ስምና በሱ ጊዜ ዋጋ የተገባ ነው። ራስህ ቢሮ ሂድ፣ በዛሬው የገበያ ዋጋ አስገባው፣ በየዓመቱም ስታድስ «ባለበት» እንዳትል። ውሉን ከመፈረምህ በፊት የመኪናው ዋጋ የተጻፈበትን ገጽና የአቬሬጁን አንቀጽ ፎቶ አንሥተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ስልኬ ክፍት ነው፣ አብረን እናየዋለን።