ሺንኮቲግ ከእናትና ከልጆች ጋር፤ ለጠየቅሽው መልስ

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው፣ ከኢትዮጵያ ከመጡት እናትሽና ከሁለት ልጆችሽ ጋር በጁላይ መጨረሻ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ፣ ሺንኮቲግ ፈረሶቹ ሲዋኙ አይታችሁ፣ የመብራት ማማው ላይ ወጥታችሁ፣ ባሕሩ ዳር ውላችሁ በዚያው ቀን መመለስ ትችሉ እንደሆነ ነው። መሄዱን ሂዱ፣ በጣም ደስ የሚል ቦታ ነው። በአንድ ቀን ግን አይሆንም፣ አንድ ሌሊት እደሩ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አልመክርሽም። እኛ ቤተሰቡን ይዘን በተለያየ ወቅት ስለምንሄድ የማውቀውን ልንገርሽ፤ ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ መንገዱን እናስተካክል። ሺንኮቲግ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለች የደሴት ከተማ ናት፤ ፈረሶቹ፣ ማማውና ባሕሩ ዳር ያሉት ግን ከጎኗ ባለው አሳቲግ በሚባለው ደሴት ላይ ነው። አሳቲግ ወደ 37 ማይል የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ መሬት ነው፤ የሚበዛው ሜሪላንድ ውስጥ፣ የቀረው ደቡቡ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ሁለት መግቢያ አለው፤ በደሴቱ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስድ የመኪና መንገድ ግን የለም። ስልክሽ ላይ ዝም ብለሽ «አሳቲግ» ብለሽ ብትጽፊ ኦሽን ሲቲ አጠገብ ወዳለው የሜሪላንድ መግቢያ ሊወስድሽ ይችላል። እዚያም ፈረስ አለ፣ እንዲያውም መኪና መንገዱ ላይ ይቆማሉ፤ ማማው ግን የለም። ከዚያ ተመልሶ ዞሮ ወደ ቨርጂኒያው ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ መንዳት ነው። ስለዚህ «ሺንኮቲግ ናሽናል ዋይልድላይፍ ሬፊዩጅ» ብለሽ ጻፊ፤ በቨርጂኒያ በኩል ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ ነው።

ከእናንተ ሰፈር ሩት 50ን ይዛችሁ የቼሳፒክን ድልድይ ትሻገራላችሁ፣ ሳልስበሪ ላይ ወደ ሩት 13 ትዞራላችሁ፣ ቨርጂኒያ ከገባችሁ በኋላ ብዙም ሳትርቁ በ175 ወደ ግራ ነው። መንገዱ ሲቀና ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሰመር ላይ ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ላይ መንገድ አይቀናም፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብትወጡ ሌላ ነገር ነው። የድልድዩ ክፍያ ሲኬድ ብቻ ነው፣ ሲመለሱ የለም። ከአራት ማይል በላይ ስለሚረዝምና መሐሉ ላይ በጣም ከፍ ስለሚል እናትሽ ከፍታ የሚፈሩ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የኔዋ እናት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳዊት ደግመዋል።

አሁን ስለ ፈረሶቹ ዋና። ዋናው የሚደረገው በየዓመቱ፣ ረቡዕም ሐሙስም ጁላይ ውስጥ በሚውሉበት የመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ ነው። በፈረንጆቹ በ1920ዎቹ ከተማዋ ደጋግማ በእሳት ስለተጎዳች ነዋሪዎቹ የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩ ከ1925 ጀምሮ ፈረሶቹን ከአሳቲግ ወደ ሺንኮቲግ እያዋኘ፣ በማግስቱ ሐሙስ ግልገሎቹን በጨረታ እየሸጠ ገንዘብ ያሰባስባል። በቨርጂኒያ በኩል ያሉት ፈረሶች ባለቤትም እሱው ማኅበር ነው። መጠለያው የግጦሽ ፈቃድ የሰጠው ለ150 ትልልቅ ፈረሶች ብቻ ስለሆነ፣ በየዓመቱ የሚወለደው ካልተሸጠ ቁጥሩ ያልፋል። አንዳንድ ገዢ ግልገሉን ስም አውጥቶለት መልሶ ለደሴቱ ይተወዋል።

ነገሩ ደስ ይላል፤ ግን አስቢው። ዋናው ራሱ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰዓቱ የሚወሰነው ባሕሩ መሙላቱንም መጉደሉንም አቁሞ ጸጥ በሚልበት ሰዓት ስለሆነ በየዓመቱ ይለያያል። ሰው ገና ሳይነጋ ሄዶ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይመጣል፣ የመኝታ ዋጋ ሰማይ ይነካል፣ ሙቀቱና ትንኙ ሌላ። በዕድሜ የገፉ እናትና ልጆች ይዤ እዚያ መሐል አልቆምም። ጁላይን መቀየር ካልቻልሽ ከዚያ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሂዱ።

ፈረሶቹን በሌላውም ጊዜ ታያላችሁ፣ ግን ከሩቅ ነው። በቨርጂኒያ በኩል በአጥር በተከለለ ሰፊ ረግረግ ውስጥ ነው የሚሰማሩት። ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ በስተቀኝ፣ ወይም ዉድላንድ ትሬይል የሚባለውን 1.6 ማይል የእግር መንገድ ስትዞሩ ካለው የእንጨት መመልከቻ ላይ ሆናችሁ ታዩዋቸዋላችሁ። ልጆቹ «እንዳብሳቸው» ብለው ከመጡ እንዳይከፋቸው ከቤት ንገሪያቸው፤ መቅረብም መመገብም ክልክል ነው፣ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ። የግድ ባይኖኩላር ያዙ። ሆዳቸው ተነፍቶ ስታዪ ሁሉም ያረገዙ ይመስልሻል። ጨዋማ የረግረግ ሣር ስለሚበሉ ከሌላ ፈረስ ይልቅ ብዙ ውኃ ይጠጣሉ፣ ለዚያ ነው።

ወደ ማማው እንምጣ። ቀይና ነጭ ቀለበት የተቀባ፣ 142 ጫማ ከፍታ ያለው የጡብ ማማ ነው። መጀመሪያ በ1833 የተሠራው 45 ጫማ ብቻ ስለነበረ ከባሕሩ ርቆ አይታይም ነበር፤ መርከቦችም ከአሸዋው ጋር መጋጨታቸውን አላቆሙም። አሁን የሚታየውን በ1860 ጀመሩት፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሥራውን አቋረጠው፣ በ1867 ተጠናቀቀ። ዛሬም ይሠራል፤ በየአምስት ሰከንዱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ብርሃኑ እስከ 19 ማይል ድረስ ይታያል። ሌሊት ከተማው ውስጥ ካደራችሁ ልጆቹ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ይቁጠሩት፤ የኔዎቹን የሚያስተኛልኝ ጠፍቶ ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የቆመበት ቦታ ነው። የባሕር መብራት ነው ተብሎ ስትሄጂ ጥድ መሐል ነው የምታገኚው። ሲሠራ ከደሴቱ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የባሕሩ ሞገድ ከሰሜን የጠረገውን አሸዋ እያመጣ ደቡቡ ላይ ሲከምር ደሴቱ እንደ መንጠቆ እየተጠማዘዘ ረዘመ፣ ማማው መሐል አገር ቀረ። ወደ ላይ ስትወጪ ይህ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መንጠቆው፣ በውስጡ የታቀፈው ቶምስ ኮቭ የሚባለው የባሕር ክንድ፣ በወዲያ በኩል ከተማው። ስለዚህ መጀመሪያ ማማው ላይ ውጡ፣ ከዚያ በኋላ የምትሄዱበትን ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ደረጃው 175 ነው፣ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ፣ አሳንሰር የለም። ልጆቹ ይሮጡታል። እናትሽ ግን ጉልበታቸውን ካመማቸው አታስቸግሪያቸው፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ማማው ግርጌ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ሩብ ማይል ገደማ፣ እስከዚያ ሄደው ጥላው ውስጥ ይጠብቁ። ማማው ዓመቱን ሙሉ ለመውጣት ክፍት አይደለም፣ ነፋስና መብረቅ ሲኖርም ይዘጋል፤ ከቤት ሳትነሱ ደውላችሁ አረጋግጡ። ድሮ አናቱ ላይ የነበረው ግዙፍ የመስታወት ሌንስ አሁን ያለው ከተማው ሙዚየም ውስጥ ነው፣ ማዶክስ ቡልቫርድ ላይ። ዝናብ ከመጣባችሁ እዚያ ግቡ። እናትሽም ማማው ላይ ባይወጡ የማማውን ዓይን ቁጭ ብለው ያዩታል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው፣ ለእኔ ግን ከፈረሱም ከማማውም ወደሚበልጠው ልምጣ። ይህ ቦታ የተቋቋመው ለፈረስ አይደለም፣ ለወፍ ነው። በ1943 መንግሥት መሬቱን የገዛው ከካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ ለሚመጡት ነጫጭ ዝይዎች ማረፊያ እንዲሆን ነው፤ ገንዘቡም የተገኘው ዳክዬ አዳኞች በየዓመቱ እንዲገዙ ከሚገደዱት ቴምብር ነው። ሠራተኞቹ በአፈር ግድብ ኩሬዎች ሠርተዋል፤ ስፕሪንግና ሰመር ላይ ውኃውን ዝቅ ያደርጉታል፣ ያን ጊዜ ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች ጭቃውን እየቆፈሩ ይበላሉ። ፎል ላይ መልሰው ይሞሉታል፣ ዝይውና ዳክዬው ይመጣል። በአጋጣሚ የምታዪው ነገር አይደለም፤ ውኃው በወቅት በወቅቱ እየተለካ ነው።

ይህን የምታዩበት መንገድ ዋይልድላይፍ ሉፕ ይባላል፣ ከሦስት ማይል ትንሽ የሚበልጥ አስፋልት ክብ መንገድ ነው። ጠዋት ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ነው። ከቀኑ 3 ሰዓት (በአሜሪካ ሰዓት ነው የምልሽ) ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ መኪና ይገባል። ለእናትሽ ከዚህ የሚሻል የለም፤ መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ በእግረኛ ፍጥነት እየነዳችሁ ሁሉንም ያያሉ። መኪና ሰውን ከወፎቹ ዓይን የሚሰውር መደበቂያ ነው፤ ሰው ሲወርድ ነው ብር የሚሉት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሂዱ። ነጫጩ ረጃጅም ወፎች በሙሉ ለማደር ዛፍ ላይ ሲሰበሰቡ ይታያል። ሲካ የሚባለው ከእስያ መጥቶ እዚህ የተራባው ትንሽ አጋዘንም በዚያ ሰዓት ከጫካው ይወጣል።

ልጆቹን ሥራ ልትሰጪያቸው ከፈለግሽ ትልቁን ግራጫ ሽኮኮ (ስኩዊረል) ይፈልጉ። ሰፈራችሁ ካለው ይለያል፤ ወፍራም፣ ብርማ ግራጫ፣ ጅራቱ የተንዠረገገ፣ ብዙ ጊዜም መሬት ላይ የሚሄድ ነው። ሊጠፋ ነው ተብሎ ከ1967 ጀምሮ በሕግ ሲጠበቅ ቆይቶ፣ ቁጥሩ ስላገገመ በ2015 ከዝርዝሩ ወጣ። ዉድላንድ ትሬይል ላይ ጠዋት ጠዋት ይገኛል።

ስለዚህ ምርጫ ካለሽ መቼ? እኔ ኦክቶበርን እመርጣለሁ። ትንኙ ቀንሷል፣ ሆቴሉ ረክሷል፣ ጭልፊቶች የባሕሩን ዳር ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከኖቬምበር ጀምሮ ዝይዎቹ በሺህ እየሆኑ ይገባሉ፤ አንድ ላይ ሲነሱ የሚያሰሙት ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። እናትሽ እስከዚያ ከቆዩ ብርዱን የሚችል ጃኬት አልብሰሽ ውሰጃቸው። ሜይም ጥሩ ነው፣ ግልገሎቹ ከእናታቸው ሥር ናቸው። ፎልና ዊንተር ላይ ለአጋዘን አደን ሲባል አንዳንድ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ስትደውይ ይህንንም ጠይቂ።

ትንኙን አቅልለሽ አትዪው። በጁላይና በኦገስት ጫካው ውስጥ ቆሞ ፎቶ መነሳት አይቻልም። ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ የሚቀባ መከላከያ። መዥገርም አለ፤ ማታ የልጆቹን አንገትና ከጉልበታቸው ኋላ ፈትሺ። ባሕሩ ዳር ነፋስ ስላለ ይሻላል።

ባሕሩ ዳር ላይ ሱቅም ምግብ ቤትም የለም፤ ጥላ እንኳን ራሳችሁ ካልያዛችሁ አይገኝም። ከተማው ውስጥ ያለው ምግብ የሚበዛው ኦይስተርና የመሳሰለው ስለሆነ፣ ለእናትሽ የሚሆን ነገር ከቤት ይዛችሁ ኑ። በተለይ በፍልሰታ ከመጣችሁ የሚጾም ሰው የሚበላው የተጠበሰ ድንች ብቻ ሊሆን ይችላል። ቆሎ ለመንገድ ይመቻል፣ ልጆቹ ለወፍ እንዳይበትኑት ብቻ ተጠንቀቂ። የባሕሩ ዳር መኪና ማቆሚያ ሰመር ላይ ቶሎ ስለሚሞላ ጠዋት ቀድማችሁ ግቡ። ደቡባዊው የመንጠቆው ጫፍ ከማርች አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ ዝግ ነው፤ አሸዋው ላይ እንቁላል የሚጥሉ ትንንሽ ወፎች አሉ፣ እንቁላሉ ከአሸዋው አይለይም፣ ሰው ሳያውቅ ይረግጠዋል። ውሻ ካላችሁ ቤት ተዉት፣ መኪና ውስጥም ቢሆን አይፈቀድም። መጠለያው ውስጥ ድንኳን ተክሎ ማደርም የለም፤ የሚታደረው ከተማው ውስጥ ነው።

መግቢያው በመኪና ነው የሚከፈለው። አንደኛው ልጅሽ አራተኛ ክፍል ከሆነ ግን አትክፈዪ፤ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ነጻ የፌዴራል መናፈሻ ፓስ አለ፣ መኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ያስገባል። ኢንተርኔት ላይ ሞልታችሁ በወረቀት አትማችሁ ያዙ። የአዛውንቶቹ ፓስ ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ስለሆነ እናትሽ በጉብኝት ቪዛ ከመጡ አይሰጣቸውም። ያ የነገርኩሽ የዳክዬ ቴምብርም የዓመቱ እስከሆነ ድረስ እንደ መግቢያ ያገለግላል፤ ዝይዎቹን የሚወድ ሰው እሱን ቢገዛ ገንዘቡ ለመሬቱ ይውላል።

አንድ ሌሊት እደሩ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከሰዓት ደርሳችሁ ከ3 ሰዓት በኋላ ሉፑን በመኪና፤ በማግስቱ ጠዋት ሳይሞቅ ማማው፣ ከዚያ ባሕሩ፤ ከምሳ በኋላ መመለስ። ስትመለሱ በ175 ላይ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ የናሳ ዋሎፕስ የጎብኚዎች ማዕከል አለ፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ልጆቹ ሮኬት ያያሉ። ሮኬት በሚተኮስበት ቀን የደሴቱ ደቡብ ሊዘጋ ስለሚችል ሆቴል ከመያዝሽ በፊት የማስወንጨፊያ ቀኖቻቸውንም እዪ።