ሁለት ሌንስ ያለው አዲስ ካሜራ ወይስ ያገለገለ ቦዲና አንድ ጥሩ ሌንስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥለሽ ያገኘሽው ብር ነው። ድሬ ላይ ልደትና መልስ እያነሳሽ ገቢ ማግኘት ትፈልጊያለሽ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሐረር ወጥተሽ የጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን የአሮጌውን ከተማ ቤቶች ከነባለቤቶቻቸው ማንሳት ያምርሻል። ሻጩ ያቀረበልሽ አዲስ ካኖን 4000ዲ ነው፤ 18-55 እና ሩቁን የሚያቀርበው 75-300 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቦርሳና ትራይፖድም አብረውት። "እሱን ልግዛ ወይስ ያገለገለ ልፈልግ?" ብለሻል።

ያገለገለ ፈልጊ። ብርሽን ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) አይጨርሰው፤ ለሌንስ አስተርፊ።

ለምን እንደምል ከራሴ ልጀምር። ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ካሜራዬን ስገዛ ያገለገለ ኒከን ዲ3200 ከአንድ አሮጌ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር አገኘሁ። ሻጩ "ኒከን ለኒከን ነው፣ ይሠራል" አለኝ። እውነትም ሌንሱ ቦዲው ላይ ገጠመ። ፎቶም አነሳ። ፎከስ ግን በራሱ አይዝም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ሐረር ተዳረች። ጌይ ጋር፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ ነን፤ ሴቶቹ ቀዩ ነደባ (ከፍ ተደርጎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ተደርድረዋል፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። እኔ ቀለበቱን በእጄ እያዞርኩ ፎከስ ፍለጋ ስታገል ሙሽራዋ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። አነሳሁት። ፎቶው ብዥ ብሎ ወጣ። እስካሁን ሳየው ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ያ ሰዓት ተመልሶ አይመጣም።

ነገሩን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዲ3200ን የመሳሰሉት የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ ኒከኖች ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ ለእነሱ ሌንስ ስትገዢ "ኤኤፍ" ብቻ ሳይሆን "ኤኤፍ-ኤስ" የሚል ጽሑፍ እዪበት። ዲ7000 ግን ሞተር ስላለው አሮጌዎቹንም ያሠራል። ካኖን ጋ ይሄ ጣጣ የለም፤ ኦቶፎከስ ያላቸው የኢኤፍ ሌንሶች ሁሉ ሞተራቸው በውስጣቸው ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። "ሁለት ሌንስ" ሲባል ብዙ ይመስላል። 75-300 ግን የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ማረጋጊያ የለውም፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ ብሎ ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ ሲበዛ ይጠባል። በእጅ ይዘሽ ማታ አዳራሽ ውስጥ ብታነሺበት ፎቶው ይንቀጠቀጣል። ሳሎን ውስጥማ ለእሱ የሚሆን ርቀትም የለም። ቦዲውም ሌንስ የሚገጥምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው። ከሁሉ የከፋው ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሀል ላይ ያለችው ነጥብ መቅረቷ ነው። እሷ ከሌለች ርካሾቹ የሌላ ኩባንያ ፍላሾች አይበሩም። ካኖን 250ዲም ላይ እንደዚሁ የለችም። ማንኛውንም ካሜራ ስታዪ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ ዓይንሽን ጣዪ።

አቦ፣ የእኛ አገር ችግር የፒክሰል ብዛት አይደለም፤ ብርሃኑ ነው። ውጪ ቀትሩ ዓይን ያጠፋል፣ ቤት ስትገቢ ደግሞ ጨለማ ነው። ከካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ 35 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ከኤፍ 4.5 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከእሱ ስድስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ይሄ ማለት በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ቁጥር) 6400 የምታነሺውን ያንኑ ፎቶ ወደ 1000 አውርደሽ ታነሺዋለሽ። የጥቁር ሐበሻ ፊት በ6400 ቆዳው ሲሻክርና ቀለሙ ሲሞት፣ በ1000 ግን ልስልስ ብሎ ሲወጣ ራስሽ ታዪዋለሽ። ደንበኛ ቃሉን ባያውቀውም ልዩነቱን ያውቃል።

የትኛው ሌንስ? ሁሉም ሰው "50 ኤፍ 1.8 ግዢ" ይልሻል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለፊት ፎቶ እጅግ ያምራል። ጁገል ውስጥ ግን ይጠብሻል። በእነዚህ ካሜራዎች ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 50ው ካኖን ላይ እንደ 80፣ ኒከን ላይ እንደ 75 ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፎቶው ውስጥ የሚገባው ቦታ ይጠባል። ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽም ነደባው ላይ የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች አንድ ላይ አታስገቢም። ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥም ያው ነው፤ ወደ ኋላ የምትሄጂበት ቦታ የለም። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹን ከነስፌት መኪናቸው ለማንሳት በ50 ሞክሬ ሰውየውን እንጂ የስፌት መኪናውን ማስገባት አቅቶኛል።

ለእኔ መልሱ የኒከን 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ (ለትንሹ ሴንሰር የተሠራው) ሆነ። 200 ግራም ብቻ ነው። ያን አሮጌ 50 ሸጬ እሱን ገዛሁ፤ ያው ዲ3200 ላይ እስካሁን እየሠራሁበት ነው። ቤት ውስጥ ሰውየውም ግድግዳው ላይ ያለው ስፌትም ይገባሉ። ካኖን ላይ ተመሳሳይ ርካሽ ነገር ስትፈልጊ 24 ኤፍ 2.8 አለ። ጥሩና ስስ ሌንስ ነው፤ ግን ከ18-55ቱ የሚበልጠው በአንድ ደረጃ ማለትም በእጥፍ ብርሃን ብቻ ስለሆነ በእሱ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። ካኖን ከሆነ ምርጫሽ፣ "አይኤስ" (ማረጋጊያ አለው ማለት ነው) የሚል የተጻፈበትን 18-55 ለቤቱ፣ 50 ኤፍ 1.8ን ለሰዉ ያዢ።

ኒከን ወይስ ካኖን? ጓደኞችሽ የያዙትን እዪ። ሰርግ ላይ ባትሪ ሲያልቅብሽ የሚያበድርሽ ያው ጓደኛሽ ነው። ማንም ከሌለሽና የጁገል ቤቶች በእርግጥ የሚያጓጉሽ ከሆነ ዲ3200 ወይም ዲ7000 ከ35ቱ ጋር በይ። ሥራው ልደትና መልስ ብቻ ከሆነ ካኖን 60ዲ ጠንካራ ነው፤ የ2010 ካሜራ ቢሆንም እጅ ላይ ይመቻል፣ ባትሪውም ብዙ ያነሳል። ቪዲዮ ላይ ግን እየተከተለ ፎከስ አይዝም። ቪዲዮ ከጠየቁሽ 70ዲ ወይም 200ዲ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ቀትር ላይ ኤፍ 1.8ን ከፍተሽ አታንሺ። በድሬ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 የሹተር ፍጥነት 1/8000 ሰከንድ አካባቢ ይጠይቅሻል፤ ዲ3200 ግን 1/4000 ላይ ያቆማል፣ ፎቶውም ከልክ በላይ ይነጣል። ኤፍ 4 ወይም 5.6 አድርጊ። ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሰው ስታቆሚም ፊቱ ላይ የቅጠል ጥላ እየተቆራረጠ እንዳይወድቅ ሙሉ ጥላ ውስጥ አስገቢው። አሥር ሰዓት ካለፈማ ብርሃኑ ራሱ ይሠራልሻል። ጌይ ጋር ውስጥ ደግሞ ፍላሽ ቀጥታ አትልቀቂ፤ ሳህኖቹ ሁሉ ያበራሉ። በሩን ክፈቺና ሰዉን ወደ በሩ አዙሪው። መጀመሪያ ግን አስፈቅጂ፣ በተለይ እናቶችን።

ከድሬው ታይዋን ገበያም ይሁን ከደላላ፣ ሳትሞክሪ ብር አትስጪ። የራስሽን ሜሞሪ ይዘሽ ሂጂ። ሌንሱን አውልቀሽ በስልክ መብራት ከኋላ አብሪበት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ፈንገስ ነው፣ ተይው። ኤፍ 16 አድርገሽ ነጭ ግድግዳ አንሺ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው። ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅምሻል። ኒከን ከሆነ ስንት ጊዜ እንዳነሳ ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ካኖን ላይ ብዙውን ጊዜ አይገኝም፣ ስለዚህ የጎማውንና የቁልፎቹን መላላጥ እዪ። ፊት ላይ ፎከስ አስይዘሽ አሥር ፎቶ አንሺና እዚያው አሳድገሽ ዓይኑን ተመልከቺ። እኔ ያን ቀን ይህቺን ብቻ ባደርግ ኖሮ የአክስቴ ልጅ ፎቶ ጥርት ያለ ይሆን ነበር።

ከብርሽ ላይ ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለሁለት ሜሞሪና ለአንድ ማንዋል (ኃይሉን በእጅ የምታስተካክዪው) ፍላሽ አስቀድመሽ ቀንሺ። በቀረው ነው ቦዲና ሌንስ የምትፈልጊው። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሌንስ አትቀይሪ፣ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይም አትተይው።

ከመግዛትሽ በፊት 35ቱን መሞከር ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ነኝ፤ ካሜራዬን እሰጥሻለሁ፣ ቤት ውስጥም ውጪም አንሺበትና ራስሽ ወስኚ።