«ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሂሳብ አያያዝ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ በመጪው ሐሙስ ጠዋት ለቃል ፈተና ተጠርቻለሁ። አምና ሌላ ቦታ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ የትውልድ ቦታዬን ተናግሬ ዝም አልሁ። የሥራ ልምድ የለኝም፤ እናቴ ገበያ ላይ ገብስና ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ስትሸጥ የዱቤ ደብተሯን መያዜ ብቻ ነው። እንዴት ልዘጋጅ?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ልጄ፣ «ብቻ ነው» ያልሽው አሳዘነኝ። ደብረ ብርሃን በሠራተኛ አስተዳደር ስሠራ ለብዙ ዓመታት ፈታኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ። በእኛ አገር ራስን ማወደስ ነውር ነውና፣ እንዲህ ያደገ ልጅ ስለ ራሱ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። ጎበዞች በዚህ ምክንያት ሲቀሩ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ራስሽን አታወድሺ፤ ሥራሽን ተናገሪ። ማን ስንት ወሰደ፣ መቼ ሊከፍል ተስማማ፣ ያልከፈለውን በምን ለየሽው? በትምህርት ቤት ተሰብሳቢ ሂሳብ ብለው ያስተማሩሽ ይኸው ነው። ደብተሩና በእጅ ያለው ገንዘብ አልገጥም ያሉበት ቀን አይጠፋም። ስሕተቱን እንዴት እንደደረስሽበት በሁለት ደቂቃ ተናግሮ መጨረስን ተለማመጂ፤ በልብሽ ሳይሆን ድምፅ አውጥተሽ፣ እናትሽ ፊት።

ከሙያው የሚጠየቀው አብዛኛው መሠረታዊ ነገር ነው። በእኛ ጊዜ ብዙዎችን የሚጥለው ጡረታ ነበር። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዙ 10,000 ብር ከሆነ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 700 ብር ነው፤ 1,100 ብሩን ድርጅቱ ከራሱ ይከፍላል። 18 በመቶውን በሙሉ ከሠራተኛው ላይ የሚቆርጥ ተፈታኝ ግን ብዙ ነበር። ተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ነው፦ ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር የተሸጠ ዕቃ ታክሱ 150 ብር ነው። የዕቃውን ዋጋ 1,000 ብር ለማግኘት 1,150ን በ1.15 አካፍይ እንጂ ከ1,150 ላይ 15 በመቶ አትቀንሺ። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «አላውቀውም» በይ። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ሲገምት ማየት ፈታኝን ያስፈራዋል።

ረቡዕ ደብረ ብርሃን ገብተሽ እደሪ። መንገድሽ ላይ ባለው ጣርማ በር ጉም ከወረደ መኪናው በእግር ሰው ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ አንድ የመንዝ ልጅ በዚህ አርፍዶ ኮሚቴው ከተበተነ በኋላ ደርሷል። ዋናውን ዲግሪ፣ ኮፒውንና መታወቂያሽን ዛሬውኑ በአንድ ፖስታ አድርጊ። አዲስ ልብስ አያስፈልግሽም፤ ሹራብ ግን አትርሺ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው የፈራ ይመስላል።

የዱቤ ደብተሩን ይዘሽ አትሂጂ፤ የሰው ዕዳ አለበት። ስትናገሪም የተበዳሪዎቹን ስም አታንሺ። የሰው ሂሳብ አንቺ ዘንድ ሲቀመጥ ምስጢር ሆኖ እንደሚቀመጥ ፈታኞቹ ሳትነግሪያቸው ያዩታል።