እናቴ በድንገት «መርዝ አበላችሁኝ» ማለት ጀመረች፤ ስኪዞፍሬኒያ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አምስት ቀን ሆናት፣ ምግቤ ውስጥ መርዝ ጨምራችኋል እያለች አልበላም ትላለች። ማታ ማታ መጋረጃው ሥር ልጆች ቆመዋል ትለናለች። ሽንትም ቶሎ ቶሎ ይላታል። ለእንቅልፍ ብላ የአለርጂ ክኒን ትውጣለች። ዘመዶቻችን ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉን። ከዚህ በፊት ምንም አልነበረባትም።

መልስ፦ ዘመዶችዎ ቸኩለዋል። ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ነገር የሚያሰማና የሚያስጠረጥር የአእምሮ ሕመም) አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው፣ ያውም ቀስ እያለ። በ71 ዓመት፣ በቀናት ውስጥ ዱብ ሲል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዴሊሪየምን ነው። ሰውነት ሲታመም አንጎል የሚታወክበት ሁኔታ ነው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት፣ የሶዲየም ወይም የስኳር መውረድ ያመጡታል፤ አረጋውያን ላይ ደግሞ ትኩሳት እንኳ ላይኖር ይችላል።

ያቺ የአለርጂ ክኒን ደግሞ ቀላል አይደለችም። እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂ መድኃኒቶች፣ እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉት፣ በዚህ ዕድሜ ራሳቸው ያቃዣሉ፣ ሽንትም ይይዛሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒትም ሊያቃዥ ይችላል።

እስቲ እናትዎን የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩልዎ ይጠይቋቸው። እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ ብለው መሃል ላይ ጠፍቷቸው መጋረጃውን ማየት ከጀመሩ፣ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ደህና ሆነው ካወሩ፣ ይህ መዋዠቅ ዋናው ምልክት ነው። ባይታይም ግን ምርመራው አይቀርም።

ሌላም ምክንያት አለ። ዓይኑ የደከመ ሰው የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለመሆኑን ያውቃል። ሌዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት በሽታም ሰውና እንስሳ ያሳያል። ወጣት ቢሆኑ ኖሮ ስለ አምፌታሚን (አነቃቂ ዕፅ)፣ ስለ ካናቢስ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት እጠይቅ ነበር። ከባድ ድብርትም «ሊገድሉኝ ነው» ያሰኛል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሟቹን ድምፅ ቢሰማ ግን፣ በአብዛኛው በሽታ አይደለም።

አይከራከሯቸው፣ «የታለ ልጅ?» ብለውም አያፋጥጧቸው። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። የሚውጡትን ሁሉ፣ ባዶውን ካርቶን ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የአለርጂ ክኒኗን አይስጧቸው፤ ሌሎቹን ግን ሐኪም ሳያይ አያቋርጡ፣ አንዳንዱ የእንቅልፍ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ራሱ ያቃዣልና።